ሬይዝድ ፍሎሩ ይንቋቋል፤ ሙሉውን እንቀይር ወይስ ይጠገናል?

ሰባተኛ_ፎቅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የቢሮ ሕንፃ ላይ ሰባተኛውን ፎቅ ተከራይተን እንሠራለን። 400 ካሬ ገደማ ነው። እኔ ጠቅላላ አገልግሎት ነኝ። አምፖል ሲቃጠልም፣ ጄኔሬተር አልነሳም ሲልም የሚጠራው ሰው ማለት ነው። ወለላችን ሬይዝድ ፍሎር ነው። ለማታውቁት፦ ሶሌታው፣ ማለትም የኮንክሪቱ ወለል፣ ላይ የብረት እግሮች ይቆማሉ። እግሮቹ ራስ ላይ 60 በ60 ሳንቲ የሆኑ ፓናሎች ይቀመጣሉ። ከሥር የሚቀረው ባዶ ቦታ የገመድ መተላለፊያ ይሆናል። የኛ ክፍተት 15 ሳንቲ ነው። ላዩ ግራጫ ፕላስቲክ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ስንገባ እንደ መስታወት ነበር። አሁን ስብሰባ ክፍሉ በር ጋ ስትረግጠው ይንቋቋል። ከፋይናንስ እስከ ፎቶ ኮፒው ድረስ ያለው ደግሞ ይወዛወዛል፤ ሰው ሲያልፍ የጠረጴዛ ስክሪን ሲነቀነቅ ታያለህ። ጓዳው አካባቢ ያሉ ፓናሎች ጠርዛቸው አብጧል። ባለፈው ሳምንት አንዲት ባልደረባችን ታኮዋ ተይዞ ለጥቂት ነው የተረፈችው።

ወለሉን የገጠመው ድርጅት ባለሙያ ልኮ፣ ባለሙያው አምስት ደቂቃ ተመላለሰና «ዕቃው አልቋል፣ ሙሉውን ቀይሩ» አለ። ፕሮፎርማውን ሳይ ላብ አጠመቀኝ። 1,100 ፓናል ነው። አከራያችን «እኔ ሳስረክብ ደህና ነበር» ብሎ እጁን ታጥቧል።

የዚህ ነገር ዕድሜ እውነት ሁለት ዓመት ነው?


ትራፓኖ፦

ወንድሜ፣ ፕሮፎርማውን አጥፈህ ኪስህ ክተተው። ፊኒሺንግ ላይ 14 ዓመቴ ነው። በሁለት ዓመት «አለቀ» የሚባል ሬይዝድ ፍሎር ገጥሞኝ አያውቅም። የሚያልቀው ወይ ሙጫው ነው፣ ወይ የእግሩን ከፍታ የሚያስተካክለው ዳዶ ላልቷል፣ ወይ የጽዳት ባልዲ ነው።

ለመሆኑ አንድ ፓናል አንስተህ አይተሃል? ካላየህ ዛሬውኑ አንሳ። በካቻቢቴ እንዳትፈለቅቀው፤ ጠርዙ ይሸረፋል። መስታወት የሚገጥሙ ልጆች የሚይዙት፣ ሁለት የጎማ ጽዋ ያለው ማንሻ አለ። እሱን ተዋስ። ለጥፍ፣ መያዣውን ጫን፣ ቀጥ አድርገህ ወደ ላይ።

ከዚያ ገልብጠው። ከሥር ላሜራ ለብሶ በተቆረጠበት ጎን እንጨት ከታየህ ውስጡ ቺፑድ፣ የተጨመቀ የእንጨት ፍርፋሪ፣ ነው። ነጣ ያለና እንደ ጅብሰም ጭምቅ ያለ ከሆነ ካልሲየም ሰልፌት ነው። ዙሪያውን ላሜራ ሆኖ ስታንኳኳው ድፍን ድምፅ ካለው ሲሚንቶ የተሞላ ብረት ነው። ክብደቱም ይነግርሃል። ባለ 30 ሚሊ ካልሲየም ሰልፌት አንዱ ብቻ 16 ኪሎ አካባቢ ነው።

አብጧል ካልክ ግን እኔ ቺፑድ ነው ብዬ እወራረዳለሁ። ብረት አያብጥም።

አንድ ነገር ልብ በል። በተርታ ያለ ብዙ ፓናል በአንድ ጊዜ እንዳታነሳ። እግሮቹን እርስ በርስ የሚያያይዝ አግዳሚ ብረት፣ እኛ ስትሪንገር የምንለው፣ ከሌለ ወለሉ ቀጥ ብሎ የቆመው ፓናሎቹ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተደጋግፈው ነው። አንድ ረድፍ ስታወጣ የቀሩት ዘንበል ይላሉ። መልሰህ ልትገጥም ስትል የመጨረሻው ፓናል አልገባም ይልሃል። በራሴ ደርሶብኝ እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሳይት ላይ አድሬያለሁ።


ኮርኒስ_ይሻላል፦

ይቅርታ፣ ወሬውን ላበላሽ ነው። አርክቴክት ነኝ። ይህ ወለል እኛ ጋ ግማሹን ጊዜ የሚገባው ለፋሽን ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ከወለል እስከ ወለል 3.20 ሜትር ያለው ሕንፃ ነው በል። ቢሙ፣ ሶሌታውን የሚሸከመው አግዳሚ፣ 50 ሳንቲ ወሰደ። የአየር ዳክቱና ኮርኒሱ 30 ወሰዱ። አሁን ወለሉን 15 ታስነሳለህ። የቀረህ 2.25 ነው። ረጅም ሰው እጁን ቢዘረጋ አምፖሉን ይነካል።

የባሰው ደግሞ ሕንፃው ካለቀ በኋላ «ወለል እናስነሳ» የሚል ተከራይ ሲመጣ ነው። ሊፍቱ በቦታው ተገጥሟል፤ ከሊፍቱ ስትወጣ 15 ሳንቲ ደረጃ ይጠብቅሃል። ለዊልቸር ራምፕ ልሥራ ብትል፣ አንድ ለአሥራ ሁለት ሲታሰብ 1.80 ሜትር ያስፈልግሃል። መተላለፊያው ላይ ቦታ ፈልግ እስኪ። የመስኮቱ ደፍ 90 የነበረው 75 ይሆናል። የደረጃው የመጨረሻ እርከን ደግሞ ከሌሎቹ ጋር አይመሳሰልም። እግር ደረጃ የሚወጣው ሳያስብ ነው፤ አንዷ እርከን ከተለየች ሰው ይወድቃል።

ገመዱን በኮርኒስ ውስጥ በኬብል ትሬይ፣ በገመድ መደርደሪያ፣ አሳልፍ፣ በዓምዱ አውርድ። አለቀ።


ትራፓኖ፦

አርክቴክቱ፣ የሊፍቱ ነገር እጅ ሰጥቻለሁ። እውነት ነው፤ ይህ ወለል ሥዕሉ ላይ እያለ ካልተወሰነ በኋላ መከራ ነው። ሲጀመር ታስቦ ከሆነ ግን ሶሌታውን በዚያው መጠን ዝቅ አድርገህ ታፈሳለህ፣ ሊፍቱም ደረጃውም ልክ ይመጣል። ችግሩ የወለሉ ሳይሆን የዘገየው ባለቤት ነው።

«በዓምዱ አውርድ» ያልከው ግን ጠረጴዛው ከዓምዱ ስድስት ሜትር ሲርቅስ? መሃል አዳራሽ ላይ ከኮርኒስ የተንጠለጠለ ነጭ ቱቦ ልትተክል ነው? እሱንም አይቻለሁ፤ ቢሮው የሻወር ቤት መስሎ ነበር።


ታኮ_በሊታ፦

እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ የሰው ኃይል ክፍል ነኝ። ግን በዚህ ወለል ላይ ሦስት ዓመት በታኮ ሄጃለሁ፤ ስለዚህ አስተያየት አለኝ።

ድምፁን ማንም አያነሳም! የኛ ባዶው ብረት ላይ ስስ ፕላስቲክ የተለጠፈበት ነበር። ሥራ አስኪያጁ ከሊፍት ሲወጣ ማን እንደሆነ ሳናየው እናውቀው ነበር። ከበሮ በሉት። በኋላ ምንጣፍ ተነጠፈበትና ተገላገልን፤ ግን ቁርጥራጩ ምንጣፍ 50 በ50 ነው፣ ፓናሉ 60 በ60። አንድ ፓናል ለማንሳት አራት ምንጣፍ መላጥ አለበት። የገጠሙት ልጆች ደግሞ በማይለቅ ማስቲሽ ነው የለጠፉት። የአይቲው ልጅ ገመድ በጨመረ ቁጥር ምንጣፉ እየተቀደደ ሄደ።

ምንጣፍ ልታስነጥፉ ካሰባችሁ የሚላጥ ሙጫ ይሁን በሉ። ያኔ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።


ሰባተኛ_ፎቅ፦

አነሳሁት። ያየሁትን ልንገራችሁ።

ማንሻውን ከጎረቤት የአሉሚኒየም ቤት ተዋስኩ። መጀመሪያ የስብሰባ ክፍሉን በር ጋ አነሳሁ። ፓናሉ ቺፑድ ነው፤ ትራፓኖ ውርርዱን በላህ። የእግሩ ራስ ላይ በአራቱም ማዕዘን ፓናሉን የሚቀበል ጥቁር የፕላስቲክ ክዳን አለ። እዚያ ጋ ግን ከስድስት እግር አራቱ ክዳን የላቸውም። ብረት ከብረት ነው። የሚንቋቋው እሱ ነበር ማለት ነው።

ቀጥሎ የሚወዛወዘው ጋ፣ ፋይናንስ በር ላይ አነሳሁ። እግሩን በሁለት ጣቴ ነካ ሳደርገው እጄ ላይ ቀረ። ሙጫው ከነሙሉው ከእግሩ ሥር ነው። ሙጫው ሆድ ላይ ደግሞ እንደ ዱቄት የሲሚንቶ ብናኝ ተለጥፎበታል። ከሶሌታው ጋር ተገናኝቶም አያውቅም። የሚቀጥለውን ነካሁ፣ ያው ነው። ከ12 እግር ሰባቱ በነፃነት የቆሙ ናቸው።

ከሥር ያለውን ዓለም ደግሞ አልጠይቃችሁም። ሰማያዊ የኔትወርክ ገመድ እንደ ሆድ ዕቃ ተጠላልፏል። ሦስት ኤክስቴንሽን አንዱ በአንዱ ተሰክቶ መሬት ላይ ተኝቷል። የብስኩት ወረቀት፣ የአይጥ ኩስ፣ የደረቀ ቄጤማ። ቄጤማ! ከየት መጣ ብዬ ቆምኩ።


የአል_ቁዝ_ልጅ፦

ሰላም ከዱባይ። እዚህ ሬይዝድ ፍሎር ገጣሚ ነኝ፤ ቀን ተሌት እሱን ነው የምሠራው።

ያየኸው ብናኝ የሁሉም ነገር መልስ ነው። ሊሾ የተደረገ ወለል በእጅህ ስታብሰው ነጭ ዱቄት ከያዘህ ሙጫ አይይዘውም። ሙጫው ዱቄቱን ይዞ ይቀመጣል፣ ዱቄቱ ደግሞ ማንንም አልያዘም። እኛ መጀመሪያ በቫኪዩም እንመጥጣለን። ቀጥሎ ብናኙን የሚያሥር ቀለም እንቀባለን። አንድ ቀን እናሳድራለን። ከዚያ ነው እግር የሚተከለው። ይህች አንድ ቀን ናት ሁልጊዜ የምትዘለለው፤ ባለቤቱ ስለማያያት። ወለሉ ሲያልቅ የሚታየው ላዩ ብቻ ነው።

ጥገናው ከባድ አይደለም። የተነቀለውን እግር ሥሩን በብረት ብሩሽ አጽዳ። ሶሌታውን ፈግፍግ፣ ምጠጥ፣ ቀባ። የፖሊዩሬቴን ሙጫ አድርገህ መልሰው። በር አካባቢና ሰው በብዛት በሚተላለፍበት ላይ ግን በሙጫ ብቻ አትተማመን፤ በትራፓኖ በስተህ በፊሸር እሰረው። ከመብሳትህ በፊት ግን ሶሌታው ውስጥ የውሃ ቱቦ ወይም የገመድ ኮንዲዊት እንዳለ አጣራ። አንድ ቀን ውሃ መስመር በስቼ ከታች ያለውን ፎቅ አጥቤዋለሁ።

ከፍታውን የምታስተካክለው እግሩ ላይ ባለው ዳዶ ነው። ዳዶው ሥር ጥርስ አለው፤ ቱቦው ላይ ከተቆረጠው ቦታ ጋር ሲገጥም ይቆለፋል። ካልገጠመ ሰው በሄደበት ቁጥር እየዞረ ይወርዳል። የሌዘር ውሃ ልክ ከሌለህ ተከራይ። በክርና በዓይን እንዳትሞክረው።

ግድግዳው ጥግ ያሉትንም አንሳና እይ። ብዙ ጊዜ የተቆረጠ ፓናል ጫፉ አየር ላይ ነው የሚቀረው። ጥሩ ገጣሚ ከመሃል ይጀምርና ጥግ ላይ የሚደርሰው ቁራጭ በጣም ቀጭን እንዳይሆን አስቀድሞ ያሰላል። ሰነፉ ከአንድ ግድግዳ ይጀምርና መጨረሻ ላይ የስምንት ሳንቲ ቁራጭ ያቃጥለዋል። ቺፑድ ሲቆረጥ ደግሞ የተቆረጠው ጎን በአሉሚኒየም ቴፕ መታሸግ አለበት። አለበለዚያ እርጥበት ይጠጣል።


ትራፓኖ፦

ቄጤማው የመጣው ከቡና ነው። ያበጡት ፓናሎች ቡና የሚፈላበት ጋ ካልሆኑ ስሜን እቀይራለሁ።


ሰባተኛ_ፎቅ፦

ስምህን አትቀይር።

ጠዋት የጽዳት እናታችንን ጠየቅኳቸው። «እትዬ፣ ይህ ወለል መቼ ነው ማበጥ የጀመረው?» አልኳቸው። ሳቁብኝ። «ልጄ፣ እኔን ማን ጠየቀኝ? አርብ አርብ ቡና ስታፈሉ ሲኒ የሚታጠበው እኮ እዚሁ በሳፋ ነው» አሉ። ከዚያ ይዘውኝ እየዞሩ የሚወዛወዙትን ፓናሎች በእግራቸው እየነኩ አሳዩኝ። አንዱንም አልሳቱም። መወልወያው ሲያልፍበት ውሃው ወደ የትኛው መገናኛ እንደሚሰርግ ያውቃሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ በእጃቸው የዳሰሱትን ወለል ባለሙያው በአምስት ደቂቃ «አልቋል» ብሎ ሄደ።

ቆጠርን። ያበጡት 17 ናቸው። ሁሉም ቡናው ዙሪያና ጓዳው በር ላይ።


ታኮ_በሊታ፦

እትዬን ለጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊነት አሁኑኑ ምረጡልን።

ግን ቡናውን እንዳታስቀሩብን! አርብ ከሌለ ያ ቢሮ ምን ቀረው?


ኮርኒስ_ይሻላል፦

ቡናው ይቅር የሚል የለም። ከሰል ነው ወይስ ኤሌክትሪክ? ከሰል ከሆነ ስለ ውሃው ሳይሆን ስለ ፍሙ ነው የምጨነቀው። ከሥር ያለው ክፍተት ከዳር እስከ ዳር ክፍት ነው። ገመድ አለ፣ ወረቀት አለ፣ የደረቀ ቄጤማ አለ። አንዲት ፍም በገመድ ቀዳዳ ብትገባ ጭሱ የሚወጣው ሌላ ክፍል ውስጥ ነው፤ እሳቱን የት እንደምትፈልገው አታውቅም። ለዚህ ነው በደንብ በተሠራ ሕንፃ ክፍተቱ በእሳት መከላከያ የሚከፋፈለው፣ የጭስ ጠቋሚም ከወለሉ ሥር የሚገባው። የናንተ ግድግዳዎች ከወለሉ በላይ ነው የቆሙት ወይስ እስከ ሶሌታ ወርደዋል?


ሰባተኛ_ፎቅ፦

በላይ ነው የቆሙት። ጅብሰሙ ፓናሉ ላይ ነው የተተከለው። ከሰል ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ ኤሌክትሪክ ነው።

ሌሎች ሁለት ነገሮች። አንደኛ፣ ትንሽ ሰርቨር ክፍል አለን፤ ሁለት ራክ፣ ሰርቨር የሚደረደርበት የብረት መደርደሪያ። ያ ባለሙያ «ስለሚሞቅ ቀዳዳ ያለው ፓናል አስገቡለት» ብሎ እሱንም ፕሮፎርማ ውስጥ ከቶታል። ኤሲው ግድግዳ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ፋይናንስ የብረት ካዝናውን ከሁለተኛ ፎቅ ወደኛ ሊያመጣ ነው። 600 ኪሎ ነው ይላሉ። ይችለዋል?


ሌሊት_ሽፍት፦

ከሰሜን ቨርጂኒያ ነኝ። አሽበርን አካባቢ ዳታ ሴንተር ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። አካባቢው በዓለም ላይ ዳታ ሴንተር በብዛት የተከማቸበት ነው፤ የኛ ልጆችም ብዙ አለን። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እረፍት ክፍል ስትገባ አማርኛ ትሰማለህ።

ቀዳዳ ፓናሉን እንዳትገዛ። ያ ነገር የሚሠራው ማሽኑ ቀዝቃዛ አየሩን ራሱ ከወለል ሥር ሲነፋ ነው። ሥሩ እንደ ጎማ ይነፋል፣ አየሩ ቀዳዳ ባለበት በራኩ ፊት ለፊት ይወጣል፣ ሰርቨሩ ይስበዋል፣ በጀርባው ሞቆ ይወጣል። ለዚህ ክፍተቱ ከ60 ሳንቲ ጀምሮ እስከ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሆናል። አንተ ግን ግድግዳ ላይ ያለ ኤሲ ነው ያለህ፣ 15 ሳንቲህም በገመድ ተሞልቷል። በዚያ ቀዳዳ የሚወጣው አይጥ ብቻ ነው።

ይልቅ ነፃውን አድርግ። ራኩ ላይ ዕቃ የሌለበትን ባዶ ቦታ በክዳን ዝጋ፤ ያለዚያ በጀርባ የወጣው ሙቅ አየር ተመልሶ ወደ ፊት ይዞራል። ፓናሉ ላይ ለገመድ የተበሳውን ቀዳዳ ብሩሽ ባለው ክዳን ሸፍን። ራኩን ፊቱን ወደ ኤሲው አዙረው። ክፍሉን ደግሞ ማቀዝቀዣ ቤት አታድርገው፤ አሽሬ የሚባለው የአሜሪካ የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር የሚያወጣው መመሪያ ወደ ሰርቨሩ የሚገባው አየር ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ቢሆን ይበቃል ይላል። አዲስ አበባ ላይ አንድ ነገር ደምርበት፦ ከ2,300 ሜትር በላይ ናችሁ። አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲተያይ በአምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ያው ማራገቢያ ያንኑ ያህል ሙቀት አያወጣልህም። ኤሲ ሲሸጡልህ ካታሎጉ ላይ ያለውን ቁጥር እንዳለ አትውሰድ።

በነገራችን ላይ፣ እኔ የምሠራባቸው አዳዲሶቹ አዳራሾች ሬይዝድ ፍሎር የላቸውም። ራኩ ኮንክሪቱ ላይ ነው፣ ኃይሉም ገመዱም ከላይ ነው። ራኮቹ እየከበዱ መጡ፣ ሙቅ አየሩንም አጥሮ ማውጣት ተለመደ። አሮጌው አዳራሽ ውስጥ ግን አለ፤ እዚያ አንድ ጉድ አይቻለሁ። የፓናሉ ሆድ በኤሌክትሪክ ዚንክ የተለበጠ ከሆነ ከዓመታት በኋላ ከፀጉር የቀጠነ የብረት ክር ያበቅላል። በባትሪ አጋድመህ ስታበራው እንደ ብርማ አቧራ ያብለጨልጫል። ፓናል ስታነሳ ይረግፋል፣ አየሩ ይዞት ሰርቨር ውስጥ ይገባል፣ ቦርድ ያሾርታል። የቀለጠ ዚንክ ውስጥ የተነከረ ላሜራ ይህ ችግር የለበትም ማለት ይቻላል። ለሁለት ራክ እንቅልፍ አትጣ፤ ግን የድሮ ባንክ ሰርቨር ክፍል ያላችሁ ባትሪ ይዛችሁ አንዴ እዩት።


ጋሽ_ውሃልክ፦

ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ። እኔ ጡረታ የወጣሁ ስትራክቸራል መሐንዲስ ነኝ፤ ስለ ካዝናው ልናገር።

ፓናል የሚፈተነው ሰፊ ጭነት ተሸክሞ ሳይሆን በነጥብ ነው። ኢኤን 12825 የሚባለው የአውሮፓ መለኪያ 25 በ25 ሚሊ በሆነ ብረት፣ ፓናሉ ደካማ በሆነበት ቦታ ላይ እስኪሰበር ይጫነዋል። 4 ኪሎኒውተን ላይ የሚሰበር አንደኛ ክፍል ነው። 6 ሲችል ሁለተኛ፣ 12 ሲችል ስድስተኛ። የመጠባበቂያው ሒሳብ ሁለት ከሆነ፣ ማለትም ከሚሰበርበት ጭነት ግማሹ ብቻ ከተፈቀደ፣ የሁለተኛ ክፍል ፓናል የሥራ ጭነቱ 3 ኪሎኒውተን፣ ማለትም 300 ኪሎ ገደማ ነው። ሻጩን «ስንተኛ ክፍል ነው?» ብለህ ጠይቀው። «ጠንካራ ነው» ካለህ አያውቀውም።

ካዝናህ 600 ኪሎ ሆኖ አራት እግር ካለው በአንድ እግር 150 ይደርሳል። በወረቀት ይችለዋል ትላለህ። ግን አራቱ እኩል አይሸከሙም፤ ሲገፋ በሁለት ይቆማል፣ ሁለቱም አንድ ፓናል ላይ ሊያርፉ ይችላሉ። ያበጠ ቺፑድ ደግሞ የካታሎጉን ቁጥር ረስቶታል። ስለዚህ ከሊፍቱ እስከ ቦታው ድረስ ወፍራም ኮምፔርሳቶ አንጥፈህ በላዩ አሳልፈው። ማረፊያው ላይ ፓናሎቹን አንሳና ተጨማሪ እግር አስገባ። ከዚያ ይልቅ የምመርጠው ግን በብረት ጠረጴዛ ቀጥታ ከሶሌታው ላይ ማቆም ነው። ሶሌታውንም አትርሳ። ቢሮ በሕንፃ ኮዳችን በካሬ ከ2 እስከ 3 ኪሎኒውተን ታስቦ ነው የሚነደፈው። ካዝናውን መሃል ላይ ሳይሆን ቢሙ አጠገብ አድርገው። የሕንፃውን መሐንዲስ ሳትጠይቅ ግን አንዲት ነገር አታስገባ፤ እኔ ሥዕሉን አላየሁም።

ሌላው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ በኩል መሬት ሲንቀጠቀጥ እዚህ ፎቅ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ስትሪንገር የሌለው፣ እግሩ ያልታሰረ ወለል ወደ ጎን ሲገፋ ምን ይይዘዋል? ግድግዳው ብቻ። የናንተ ግድግዳ ደግሞ ራሱ ወለሉ ላይ ነው የቆመው አልክ። 15 ሳንቲ ቁመት ስለሆነ ብዙ አያሰጋም፤ ሙጫው ቢይዝ ኖሮ አልናገርም ነበር። የሰርቨሩን ራክ ግን ፓናሉ ላይ አቁመህ አትተወው። በረጅም ቡሎን ከሶሌታው ጋር እሰረው።


ሰባተኛ_ፎቅ፦

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ። የሕንፃውን መሐንዲስ ስልክ አግኝቼ ሐሙስ ተቀጣጥረናል።


ኪራይ_ተከራይ፦

የማን ወጪ ነው ለሚለው፦ ውሉ ላይ የርክክብ ቃለ ጉባኤ አለ? የኛ ላይ «ወለሉ በጥሩ ሁኔታ» የሚል አንድ መስመር ነበርና አምስት ወር ተከራከርን። የተነቀሉትን እግሮች አሁኑኑ ፎቶ አንሣ፣ ሙጫው ላይ ያለውን ብናኝ ቀርበህ አንሣ። ያ የአገጣጠም ጉድለት ነው፤ ያንተ አጠቃቀም አይደለም። ያበጡት 17ቱ ግን የናንተ ቡና ናቸው፤ እሱን ዋጥ።


ሰባተኛ_ፎቅ፦

ሦስት ሳምንት ጠፋሁ፤ ይቅርታ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ፎቶውን ለአከራዩ ላክሁ። ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን ደወለና «እግሮቹን እኔ፣ ፓናሎቹን እናንተ» አለ። ጨበጥነው።

ሁለት ቅዳሜና እሑድ ሠራን። ወለሉን የገጠመውን ድርጅት ሳይሆን ሌላ ልጅ ከሁለት ረዳት ጋር ይዘን። ስድስት ስድስት ፓናል እያነሳን፣ እየመለስን ሄድን። ብናኙን በቫኪዩም መጠጥን፣ ቀባን፣ አሳደርን። በአጠቃላይ 212 እግር እንደገና ተለጠፈ። በሮቹ ጋ ያሉት በፊሸር ታሠሩ። ክዳን የጎደለባቸው ላይ ክዳን ገባ፤ በነገራችን ላይ ከሁሉም ርካሹ እሱ ነው። ስብሰባ ክፍሉ በአንድ ከሰዓት ዝም አለ። ሰው ሲገባ ድምፅ ስለሌለው አሁን ሁሉም ይደነግጣል።

ኤክስቴንሽኖቹ ወጥተው ፍሎር ቦክስ፣ ወለሉ ውስጥ የሚቀበር የሶኬት ሳጥን፣ ገባ። የኔትወርኩና የመብራቱ ገመድ ለየብቻው ትሬይ ላይ ነው። የሞቱትን ገመዶች ስንጎትት አንድ ሙሉ ማዳበሪያ ሞላ። የአይጡን መግቢያ ጓዳው ቱቦ ጋ አገኘነው፤ በሲሚንቶ ተዘጋ።

ቡናው ወደ ጓዳው ሴራሚክ ላይ ተዛወረ። ቄጤማውም እዚያው። ጠበብ ይላል፤ ሰው ተፋፍጎ ይጠጣል። ማንሻውን ገዝተን ለእትዬ ሰጠናቸው። ወለሉን በባልዲ ማጠብ ቀርቷል፤ ጨመቅ በተደረገ መወልወያ ብቻ። እሳቸው ራሳቸው የአይቲውን ልጅ «ፓናሉን በቦታው መልስ፣ አዙረህ እንዳትገጥም» እያሉ ይቆጣጠሩታል።

ካዝናው የሕንፃው መሐንዲስ አይቶት ዓምዱ ጥግ፣ ቢሙ ላይ፣ በብረት መቆሚያ ሶሌታው ላይ ቆሟል።

አንድ ነገር ግን አለ። ፋይናንስ ጠረጴዛ ሥር ያለውን ፓናል ስናነሳ፣ የገመድ ቀዳዳው ሥር፣ አቧራ የለበሰ ክብ ነገር አገኘን። የድርጅቱ ማህተም ነው። አምና ጠፋ ተብሎ ለፖሊስ አመልክተን፣ በጋዜጣ አስነግረን፣ አዲስ ያስቀረጽነው። ለዚያ ማህተም ሒሳብ ሹሟ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አልነበራትም። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ማህተም ተቀምጧል። ይህንንስ የት ነው የምጠይቀው?


ትራፓኖ፦

በመጀመሪያ ቀዳዳውን ድፈነው።